የጎደሉት አስራ ሦስት ቀጭታዎች

ሐኪሙ ራሱ አጋዘን አዳኝ ስለነበር ነገሩን አላሽሞነሞነውም። "ያ በሬ የሚያክል ጠመንጃህ እንደገና ከረገጠህ፣ ትከሻህ ላይ የሰፋሁልህን ጅማት ይበጥሰዋል" አለው ኦሪን ቴስኬን። "ያን ጊዜ ሾርባህን የምታጎርስህ ቬርና ናት።"

ኦሪን ሸሚዙን ቆለፈ። ቤት ሲገባ ሚስቱን ቬርናን "ከባድ ነገር አታንሳ ብሎኛል" ብቻ አላት። ውሸት አልነበረም፤ የእውነቱ ግማሽ ነበር። ሌላውን ግማሽ ሦስት ሳምንት ሙሉ በሆዱ ይዞት ዞረ።

ያስጨነቀው ጠመንጃው አልነበረም። ያስጨነቀው ቁጥር ሰባት ነበር።

ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ስንዴና ንፋስ ብቻ በሚበቅልበት የሞንታና ሜዳ ላይ፣ የሺህ ያርድ፣ ማለት የዘጠኝ መቶ ሜትር ያህል፣ ተኳሾች ክበብ አለ። መተኮሻ ቦታዎቹ አስራ ስድስት ናቸው፤ እያንዳንዳቸው ቁጥር አላቸው፤ እያንዳንዱም ቁጥር ባለቤት አለው። ኦሪን ቁጥር ሰባት ላይ በደረቱ መተኛት ከጀመረ ሃያ ስምንት ዓመት ሆነው። የትኛው ጠጠር የትኛውን የጎድን አጥንቱን እንደሚወጋው ያውቃል። በስተግራው፣ ቁጥር ስድስት ላይ፣ ጎረቤቱ ክሊት አለ፤ እሱም እዚያ መተኮስ ከጀመረ ሃያ ዓመት አልፎታል፤ ዕድሜው ግን ገና ስልሳ አምስት አልሞላም።

ክበቡ አንድ ሕግ አለው። ስልሳ አምስት ዓመት ያለፈው አባል በሁለት ዓመት ውስጥ ቢያንስ አንድ ጊዜ፣ በውድድር ቀን፣ ሃያ ጥይት በሺህ ያርድ ተኩሶ ሃያውንም ወረቀቱ ላይ ማሳረፍ አለበት። መሃል ይምታ አይባልም፤ ወረቀቱን አይሳት ነው። አንዲት ጥይት ከወጣች ቁጥሩ ለተራ ጠባቂ ይሰጥና እሱ "የክብር አባል" ይሆናል። የክብር አባል ስሙ የተጻፈበት ተጣጣፊ ወንበር ይሰጠዋል፤ ከኋላ ተቀምጦ የሌሎችን ነጥብ ይመዘግባል። በክበቡ ታሪክ ከወንበር ተነስቶ ወደ ቁጥሩ የተመለሰ ሰው የለም።

ኦሪን ስልሳ ሰባት ዓመቱ ነው። ያለፈውን ዓመት በትከሻው ምክንያት ሳይተኩስ አሳልፎታል። የቀረው የዚህ ዓመት የመስከረም ውድድር ብቻ ነው።

"ወንበርህን ሰማያዊ ነው ወይስ ቀይ የምትፈልገው?" ይለዋል ክሊት ባገኘው ቁጥር። "አሁኑኑ ንገረኝ፤ ቀዩ ቶሎ ያልቃል።"

በአራተኛው ሳምንት ቬርና ቁርስ ላይ ሹካዋን አስቀመጠች።

"የሐኪሙን ሚስት ቤተ ክርስቲያን አገኘኋት" አለች።

ኦሪን እንቁላሉን አየ።

"ሾርባ ላጎርስህ ነው አሉ።"

"ቬርና፣ እኔ እኮ..."

"ሰማሁ፤ ሁሉን ሰማሁ። አሁን እኔ የምጠይቅህ አንድ ነገር ነው። የማይራገጥ ጠመንጃ የለም?"

አለ። መኖሩን ኦሪንም ያውቃል። ትንሽ ጥይት የሚተኩሱ፣ ትከሻን መታ ብቻ የሚያደርጉ፣ ሺህ ያርድም ያለችግር የሚደርሱ ጠመንጃዎች መጥተዋል። ችግሩ እሱና ክሊት እነዚያን ጠመንጃዎች ለአስር ዓመት "ማንኪያ" እያሉ ሲስቁባቸው መኖራቸው ነው። እሱንም ለቬርና ነገራት።

"ታዲያ በማንኪያ መብላት ይሻልሃል በማንኪያ መጉረስ?" አለችው። ቀጥላም፣ "ሺህ ዶላር። ጠመንጃውም ማነጣጠሪያ መነጽሩም ሁሉም በዚያ ውስጥ። አንዲት ሳንቲም ብታልፍ ከጠመንጃህ ጋር ጋራዥ ታድራለህ።"

በማግስቱ ኦሪን ማርላ መደብር ሄደ። ማርላ የወንድሙ ልጅ ናት። በመደብሯ የከብት ጨው፣ የውሻ ምግብ፣ የአጥር ሽቦ፣ ጓንትና ጠመንጃ ትሸጣለች። አርባ ዓመቷ ነው፤ በክበቡ ውስጥም ከእሷ የሚበልጥ ተኳሽ ሁለት ቢገኝ ነው። ኦሪን ወደ ጠመንጃዎቹ መደርደሪያ ከመድረሱ በፊት የጓንቱን ክፍል ሁለት ጊዜ ዞረው።

"አጎቴ ኦሪን፣ ጓንት ልትገዛ ከሆነ ሦስት ዓይነት ነው ያለው፤ ሁሉንም አይተሃቸዋል" አለች ማርላ ከባንኮኒው ኋላ።

"እያየሁ ነው።"

"ማንኪያዎቹ እዚህ ናቸው።"

ቬርና ደውላላት እንደነበር ያኔ ገባው። ጆሮው ድረስ ቀላ፤ ግን ቀለል አለው፤ የሚያስቸግረውን ንግግር ሌላ ሰው ጀምሮለታል።

ከሁሉ አስቀድሞ ዓይኑ ያረፈው ሰደፉ ዎልነት ከሚባል ውድ እንጨት በተሠራ ጠመንጃ ላይ ነበር። እንጨቱ ማር የተቀባ ይመስላል፤ መስመሮቹም እንደ ደም ሥር ይታያሉ። ዋጋው ስምንት መቶ ሃምሳ ነው።

"ይቺ እኮ..." አለ ኦሪን፤ ጣቱን እንጨቱ ላይ አሳለፈ።

"ቆንጆ ናት። ትንሽ ጥይትም ነው የምትተኩሰው። ከዚያ በቀረህ መቶ ሃምሳ ምን መነጽር ልሰጥህ? ይሄን?" ከባንኮኒው ሥር አንድ ጥቁር መነጽር አወጣች። "ሃያ አራት እጥፍ ያጎላል ይላል ካርቶኑ።"

"ሃያ አራት ጥሩ ነው።"

"ና።"

በሩ ላይ የወፍ ጥሬ የሞላ ጆንያ አስቀመጠች፤ መነጽሩን ብቻውን ጆንያው ላይ አስተኛችለትና በመንገዱ ማዶ፣ ከባቡር ሐዲዱ አልፎ ወደሚታየው የእህል ጎተራ አዞረችው። ኦሪን ተንበርክኮ አየ። ጎተራው ትልቅ ሆኖ መጣ፤ ግን ወተት ውስጥ የቆመ ይመስል ነበር።

"ጣሪያው ላይ ምን አለ?" አለች።

"ርግብ።"

"ስንት?"

"ሦስት። አራት... አንዷ ቧንቧ ልትሆን ትችላለች።"

"ካርቶኑ ልክ ነው። ሃያ አራት እጥፍ ያጎላል። ጭጋጉንም ሃያ አራት እጥፍ ያጎላዋል።" ሌላ መነጽር አመጣች። "ይሄኛው አስራ ስድስት ብቻ ነው። እየው።"

ኦሪን አየ። ጎተራው አንሶ ነበር፤ ግን የርግቧ እግር ቀይ መሆኑ ይታያል። አንደኛዋ አንድ እግሯን አጥፋ ቆማለች።

"አሁን ላዩ ላይ ያለውን መዘውር አዙረው። ሃምሳ ቀጭታ ወደ ላይ፤ ሃምሳ ቀጭታ ወደ ታች።"

አዞረው። ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ፤ እያንዳንዷ ቀጭታ ጣቱ ላይ ትሰማለች። በመነጽሩ ውስጥ ያለው መስቀል ከርግቧ እግር ተነስቶ ተጓዘና ተመልሶ እዚያችው እግር ላይ አረፈ። በርካሹ መነጽር ያንኑ ቢሞክር መስቀሉ እግሯን ስቶ ደረቷ ላይ ቀረ።

"መነጽር እንደ ባል ነው አጎቴ" አለች ማርላ። "የሄደውን ያህል ሄዶ፣ የተነሳበት ቦታ መመለስ አለበት። ካልተመለሰ ቁመናው ምን ያደርግልሃል?"

"ይሄንን ያወቅሽው ከስንተኛው ባልሽ ነው?"

"ከሁለተኛው። የመጀመሪያው መዘውርም አልነበረው።"

ኦሪን ከት ብሎ ሳቀ፤ በአንድ ወር ውስጥ የመጀመሪያው ሳቁ ነበር። ጥሩው መነጽር አራት መቶ ሰማንያ ነው። ስለዚህ ማር የተቀባችው ጠመንጃ መደርደሪያዋ ላይ ቀረች። ማርላ በምትኳ ያወረደችለት ሰደፏ አረንጓዴ ፕላስቲክ፣ አፈሙዟ ወፍራም፣ ምላጯ ቀላል የሆነች አንዲት ጠመንጃ ነበረች። ዋጋዋ አራት መቶ ሠላሳ። ሰደፏን ሲያንኳኳት እንደ ባዶ ባልዲ ጮኸች።

"አስቀያሚ ናት" አለ።

"ተኝተህ ስትተኩስ አታያትም።"

መነጽሩን የሚይዙት ሁለት ቀለበቶች ሃምሳ ሆኑ። አርባ ዶላር ቀረው። ማርላ አንድ ስስ ጥቁር ብረት ባንኮኒው ላይ አስቀመጠች። "በዚህ ደግሞ ይሄን መደብ ትወስዳለህ። ቀለበቶቹ የሚቀመጡበት ነው፤ ወደ ፊት ዘንበል ተደርጎ የተሠራ ነው። ልክ አርባ።"

ኦሪን ብረቱን አገላበጠው። ጣት የማታህል ብረት ናት። "ከአሮጌው ጠመንጃዬ የምነቅለው መደብ አለኝ። ቀዳዳው ይገጥማል።"

"እሱ ጠፍጣፋ ነው።"

"ሃያ ስምንት ዓመት ሠርቶልኛል።"

"ለእሱ ጠመንጃ ነው የሠራው አጎቴ፣ ይቺ ጥይት..." ስትል አንድ ከብት አርቢ የጨው ክምር ሊጭን ገባና ጠራት። ስትመለስ ኦሪን ብረቱን ወደ ጎን ገፍቶ ሁለት ፓኮ ጥይት ባንኮኒው ላይ ደርድሮ ነበር፤ ብረት ከሚገዛ ጥይት ይገዛል። ማርላ አየችው፤ የከብት አርቢው ጆሮም ስላለ ምንም አላለችም።

ያ በጋ ጥሩ በጋ ነበር። ከቤታቸው ጀርባ ያለው ማሳ ሦስት መቶ ያርድ ይሆናል፤ ከዚያ ወዲያ የጎረቤት ስንዴ ነው። ኦሪን ጧት ጧት ንፋሱ ሳይነቃ ምንጣፉን ያነጥፋል፤ ቬርና ከጎኑ ወንበር ላይ ተቀምጣ በመመልከቻው ቱቦ ታያለች። የመጀመሪያዋን ጥይት ሲተኩስ ዓይኑን ጨፍኖ ጥርሱን ነክሶ ነበር፤ አሮጌው ጠመንጃ ያስተማረው ልማድ ነው። ጠመንጃዋ ትከሻውን መታ አደረገችውና ተወችው።

"ረገጠችህ?" አለች ቬርና።

"አልረገጠችኝም መሰለኝ።"

በነሐሴ መጨረሻ አምስት ጥይቶችን የጃም ማሰሮ ክዳን በሚሸፍነው ቦታ ላይ ማሳረፍ ችሎ ነበር። ለሦስት መቶ ያርድ መዘውሩን አስራ ሦስት ቀጭታ ብቻ ከፍ ማድረግ ይበቃዋል። ለሺህ ያርድ ስንት እንደሚያስፈልግ ከጥይቱ ፓኮ ላይ አስልቶ በትንሽ ወረቀት ጻፈና ሰደፉ ላይ በፕላስተር ለጠፈው፤ ዘጠና አምስት። ወረቀቷን ብዙ ጊዜ አያት እንጂ መዘውሩን እስከዚያ ድረስ አንድም ቀን አላዞረውም። ለምን ያዞረዋል? ሺህ ያርድ ማሳው ላይ የለም።

የውድድሩ ቀን ጧት ሰማዩ ጥርት ብሎ ነበር። ፒካፖቹ ከመተኮሻው መስመር ኋላ ተደርድረዋል፤ በአንደኛው የኋላ ክዳን ላይ የዶናት ካርቶን ተከፍቷል። ተኩሱ በሁለት ዙር ነው። የመጀመሪያው ዙር ሲተኩስ ሁለተኛው ዙር ታች ወርዶ፣ ከዒላማዎቹ ሥር ባለው ጉድጓድ ውስጥ ሆኖ ወረቀቶቹን በገመድ ያወርዳል፤ ቀዳዳውን ፈልጎ ብርቱካናማ ምልክት ይሰካበትና የቀደመውን ቀዳዳ በልጥፍ ወረቀት ሸፍኖ መልሶ ያወጣዋል። ከዚያ ይቀያየራሉ። ኦሪን የመጀመሪያው ዙር ላይ ነው፤ ክሊት ሁለተኛው ላይ።

ሊጀመር አርባ ደቂቃ ሲቀረው ኦሪን ጠመንጃዋን ከማኅደሯ አወጣ። ሥራ ለማቃለል ብሎ መዘውሩን ከወዲሁ ወደ ዘጠና አምስት ማዞር ጀመረ። ሃምሳ። ስልሳ። ሰባ። ሰማንያ። ሰማንያ አንድ። ሰማንያ ሁለት።

መዘውሩ ቆመ።

ትንሽ ገፋ አደረገው። አልተንቀሳቀሰም። መልሶ አውርዶ እንደገና አወጣው። ሰማንያ ሁለት ላይ ግድግዳ እንዳለ ሁሉ ቆመ። ኦሪን ወረቀቷን አየ፤ ዘጠና አምስት ትላለች። አስራ ሦስት ቀጭታ ጎድሎታል። አስራ ሦስት ቀጭታ በሺህ ያርድ ላይ ከመሬት እስከ ሰው ወገብ ካለው ቁመት በላይ ነው፤ ጥይቶቹ በሙሉ ከወረቀቱ በታች አፈር ይበላሉ።

ዘንበል ያለው ብረት ምን እንደሚሠራ ያኔ በአንድ ጊዜ ገባው። መነጽሩ ራሱ ወደ ፊት አጎንብሶ ቢቀመጥ ኖሮ፣ አፈሙዙ በዚያው ልክ ቀና ይል ነበር፤ መዘውሩም ገና መንገዱ ሳያልቅ ዒላማው ላይ ይደርስ ነበር። ማርላ ልትነግረው የጀመረችው ይሄንን ነበር።

ጠመንጃዋን ታቅፎ ቆመ። አንድ ሐሳብ መጣለት፤ ዝም ብሎ ወደ ማኅደሯ መልሶ፣ ትከሻዬን አሞኛል ብሎ መሄድ። ማንም አይስቅበትም። ያዝኑለታል። ሁሉም እጁን ይጨብጠዋል። ከዚያ በኋላ የሚመጣውን ወንበር አሰበና ጠመንጃዋን ወደ ማኅደሯ አልመለሳትም።

"ማርላ" አለ ቀስ ብሎ። ማርላ ዛሬ አትወዳደርም፤ ከቁጥር ሰባት ኋላ ተቀምጣ ነጥቡን የምትመዘግብለት እሷ ናት። "ያ ያልሽኝ ነገር።"

"የቱ? ብዙ ነገር ነው የምለው።"

"ስለ መደቡ።"

ማርላ ዶናቷን ከአፏ አወጣች። "ጠፍጣፋውን ነው የገጠምከው።"

"ጥይት ገዛሁበት።"

"ስንት ላይ ቆመ?"

"ሰማንያ ሁለት።"

ዓይኗን ጨፈነች። ክሊት ከፒካፑ ጋ ሆኖ ጆሮው ቆመ። ክሊት ሰው ሲያፍር ከሦስት ማሳ ማዶ ያሸተዋል።

"ምንድን ነው? ምን ላይ ቆመ?" እያለ መጣ፤ በእጁ የለስላሳ ቆርቆሮ ይዟል።

ኦሪን መዘውሩን አሳየው። ሃያ ዓመት ሙሉ ለዚህ ሰው አንድም ስህተት አምኖለት አያውቅም። "መዘውሩ አለቀብኝ" አለ። "ጠፍጣፋ መደብ ነው የገጠምኩት። ማንኪያዋ ሺህ ያርድ አትደርስም።"

ዶናት የሚበሉት ሁሉ ዞሩ። ክሊት አፉን ከፈተ። ኦሪን የሚመጣበትን ሁሉ ለመቀበል አንገቱን ቀበረ።

ክሊት ግን አፉን የከፈተው ለመጠጣት ነበር። ቆርቆሮውን ቀና አድርጎ ለስላሳውን እስከ ታች አንቆረቆረው፤ አገሳ፤ ከኪሱ ሴንጢ አወጣና ቆርቆሮውን ከመሃሉ መቅደድ ጀመረ።

"ምን ቆማችሁ ታያላችሁ?" አለ። "መፍቻ አምጡ። ማርላ፣ የኋለኛዎቹን ብሎኖች ፍቺ።"

"ምን ልታደርግ ነው?" አለ ኦሪን።

"ትራስ ልሠራላት ነዋ! ከመደቡ በኋላ በኩል ሥር ይሄን ስንጎዘጉዝበት ቂጡ ይነሳል፤ ቂጡ ሲነሳ አፍንጫው ይደፋል። አባቴ እንዲህ ነበር የሚያደርገው። እሱ በትምባሆ ቆርቆሮ ነበር።"

"አባትህ ሺህ ያርድ መትቶ ያውቃል?"

"አያውቅም። ትምባሆው ግን ጥሩ ነበር።"

ማርላ ከፒካፑ መፍቻ አመጣች። ክሊት የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል ቁራጭ ቆርጦ አጠፋት፤ እንደገና አጠፋትና በሴንጢው ጫፍ ለብሎኖቹ በሳት። መደቡን አንስተው ሥሩ ጎዘጎዙለትና መልሰው አሰሩት። ሥራው ግማሽ ሰዓት ሊሞላ ትንሽ ቀረው። ኦሪን ጠመንጃዋን የያዘው ሐኪም ቤት ሕፃን እንደሚይዝ አባት ነበር።

"ስንት ቀጭታ ትሰጠኛለች?"

"ሃያ" አለ ክሊት። "ወይ ሠላሳ። ማን ያውቃል?" ከዚያ ሰዓቱን አይቶ ወደ ጉድጓዱ ለመውረድ ሄደ። ጥቂት እርምጃ ሄዶ ዞረ። "ኦሪን! አዲስ ሰው ቁጥር ሰባት ላይ ቢመጣብኝ ደግሞ መቶ ዓመት ላስተምረው ነው። ወረቀቱን ምታው።"

ኦሪን ቁጥር ሰባት ላይ በደረቱ ተኛ። ከውድድሩ ጥይቶች በፊት የአምስት ደቂቃ ሙከራ ይፈቀዳል፤ ከኋላ ያለው ነጥብ መዝጋቢም ለተኳሹ መናገር የሚችለው በዚያ ጊዜ ብቻ ነው። ክሊት ባለው በትንሹ አስልቶ መዘውሩን ሰባ አምስት ላይ አቆመው፤ አሁን ቦታ ተርፎታል። ንፋሱን አየ፤ ምላጩን ሳበ።

ዒላማው ወርዶ ምልክት ሳይሰካበት ወጣ። ስቷል።

"ከላይ" አለች ማርላ ዓይኗን ቱቦው ላይ ተክላ። "አፈሩን አየሁት። ከወረቀቱ አንድ ክንድ ከፍ ብሏል።"

ኦሪን ሳያስበው ፈገግ አለ። አንሶበት የነበረ ሰው በዝቶበት ሳተ። "ክሊት ሠላሳም ያለው ልክ ነው" አለ። አስራ አምስት ቀጭታ ወረደ። ሁለተኛዋን ተኮሰ። ዒላማው ወረደ፤ ሲወጣ ብርቱካናማው ምልክት በግራው ጠርዝ ላይ ነበር። ትንሽ ወደ ቀኝ አረመ። ሦስተኛዋ ጥቁሩ ክብ ውስጥ ገባች።

"ከአሁን በኋላ አላውቅህም" አለች ማርላ። የውድድሩ ሰዓት ተጀመረ።

ሃያ ጥይት፣ ሠላሳ ደቂቃ። የመጀመሪያዎቹ አስር እንደ ቤቱ ማሳ ሄዱለት። ይተኩሳል፤ ዒላማው ይወርዳል፤ ይወጣል፤ ምልክቱን ያያል። ነጥቡም ስምንት፣ ዘጠኝ፣ ስምንት፣ አስር፣ ሰባት። ትከሻው ምንም አላለውም፤ እንዳለ እንኳ ረስቶት ነበር።

አስራ ሦስተኛዋን ከተኮሰ በኋላ በመነጽሩ ውስጥ አንድ ነገር ተለወጠ። ከመሬት የሚነሳው የሙቀት ሞገድ እስከዚያ ድረስ እንደ ቀጭን ወንዝ ከግራ ወደ ቀኝ ሲፈስ ነበር። አሁን መፍሰሱን ተወና እንደሚፈላ ውኃ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ መነሳት ጀመረ። ንፋሱ ቆሟል። የቆመ ንፋስ ደግሞ በየት በኩል እንደሚነሳ አይታወቅም። በቀኙም በግራውም ያሉት መተኮሳቸውን ቀጠሉ፤ ከአንዱ ዒላማ ላይ ምልክቱ ጠርዝ ላይ ወጣ፤ ሌላው ጭራሽ ሳተ።

ኦሪን ጣቱን ከምላጩ አነሳ። ጠበቀ። አንድ ደቂቃ፣ ሦስት ደቂቃ። ማርላ ከኋላው ጉሮሮዋን ጠረገች፤ መናገር አትችልም። አምስት ደቂቃ። ሰዓቱን አየ፤ ሰባት ጥይት ቀርቶታል፤ ስድስት ደቂቃ ብቻ ቀርቶታል። ሃያውን ካልጨረሰ ያው እንደሳተ ይቆጠራል። ዝንብ ጆሮው ላይ አረፈችና እሷም ጠበቀች።

ከዚያ ሞገዱ ዘንበል አለ። ከግራ ወደ ቀኝ፤ እንደ በፊቱ፤ ግን ቀለል ብሎ። ሁለት ቀጭታ ወደ ቀኝ መለሰና ተኮሰ። ዘጠኝ ነጥብ። ታች ጉድጓድ ውስጥ ያለው ማንም ይሁን ማን ዒላማውን እንደ እብድ ነበር የሚያወርደውና የሚያወጣው፤ ኦሪን ጥይት እስኪያጎርስ ወረቀቱ ተመልሶ ይጠብቀዋል። አስራ አምስት። አስራ ስድስት። አስራ ሰባት። አስራ ስምንት ሲል ንፋሱ እንደገና ሳሳ። አስራ ዘጠኝ ሲል ሃምሳ ሰከንድ ቀርቶታል። ሃያኛዋን የተኮሳት ሰዓቱ ሊያልቅ አስር ሰከንድ ሲቀረው ነው። ጠመንጃዋ መታ ስታደርገው ንፋሱ ከቀኝ በኩል ጉንጩን ሲነካው ተሰማው። ዘግይቶ ነበር።

ዒላማው ወረደ።

ሳይወጣ ቀረ።

የሌሎቹ ሁሉ ወጥተዋል። የእሱ ቦታ ባዶ ነው። የሳተ ቢሆን ኖሮ እስካሁን ወጥቶ ነበር፤ ያገኙት ቢሆንም ወጥቶ ነበር። ኦሪን ጉንጩን ሰደፉ ላይ አስደግፎ ተኛ። አንድ ደቂቃ ሆነ። ሌላ ደቂቃ። ማርላ ዓይኗን ከቱቦው አልነቀለችም።

ወረቀቱ ወጣ። ምልክቱ በግራ በኩል፣ ታችኛው ማዕዘን ላይ፣ ከጠርዙ ጣት በማይሞላ ቦታ ላይ ተሰክቷል። ግን ወረቀቱ ላይ ነው።

ማርላ ከጉድጓዱ ጋር የምትገናኝበት ሬዲዮ ተንጫረረ። "ሰባት ቁጥር" አለ የክሊት ድምፅ፤ ትንፋሹ ተቆራርጧል። "ቀዳዳዋን እንደ ቁንጫ ነው የለቀምኳት። አሮጌ ልጥፍ ሥር ተደብቃ። ሃያ አለህ።"

ኦሪን መሬቱ ላይ በጀርባው ተገልብጦ ሰማዩን አየ። ከሁለት መቶ ነጥብ መቶ ስልሳ ስምንት አግኝቷል፤ ውድድሩ ሲያልቅም ከአስራ ስድስት ሰው አስራ አንደኛ ሆኖ ይወጣል። በሃያ ስምንት ዓመት ውስጥ እንዲህ ዝቅ ብሎ አያውቅም። እንዲህ ደስ ብሎትም አያውቅም።

ዙሩ ተቀየረ። ኦሪን ጉድጓዱ ውስጥ ወረደ፤ አብሮት የሚሠራው ሎይድ የተባለ ጡረታ የወጣ ፖስታ አመላላሽ ነው። የክሊትን ወረቀት እነሱ ነበሩ የሚስቡት። ኦሪን ገመዱን በደህናው ክንዱ ይስባል፤ ሎይድ ምልክቱን ይሰካል። ጥይት ከራሳቸው በላይ እንደ ጅራፍ ይጮሃል፤ ወረቀቱ ይንቀጠቀጣል፤ ያወርዱታል። የክሊት ትልቁ ጠመንጃ እስከ አስረኛዋ ድረስ እንደ ወትሮው ጥቁሩን ክብ ሲበሳ ነበር። ከዚያ መበታተን ጀመረ። አስራ አራተኛዋ ጮኸች፤ አወረዱት፤ ቀዳዳ የለም።

"ስቷል" አለ ሎይድ። "እናውጣው።"

"ቆይ።" ኦሪን ወረቀቱን ከጫፍ እስከ ጫፍ በጣቱ ዳሰሰ። ልጥፎቹን አንድ በአንድ በጥፍሩ አነሳቸው። ወረቀቱን ከኋላ ሆኖ በፀሐይ በኩል አየው። ማዕዘኖቹን ሁለት ሁለቴ አየ። ሎይድ ሰዓቱን አሳየው። እውነትም ስቷል። አወጡት።

የጉድጓዱ ሬዲዮ ወዲያው ጮኸ። "ማነው እዚያ ታች የሚያንቀላፋው? በደንብ ፈልጉ!"

"ክሊት፣ እኔ ነኝ" አለ ኦሪን። "ፈለግሁት። ልጥፉን ሁሉ ገለበጥኩት። የለም።"

"ንፋሱ ነው።"

"ንፋሱ ጥሩ ነው። ከዚህ ሆኜ ባንዲራው ይታየኛል።" ኦሪን የሬዲዮውን ቁልፍ አልለቀቀም። "ዓይንህን እየጨፈንክ ነው አይደል? ከመሳብህ በፊት።"

ሬዲዮው ተንጫረረ። መስመሩ ላይ ያለ ሰው ሁሉ እየሰማ ነው።

"ትከሻዬ በርበሬ የተነሰነሰበት ይመስላል" አለ ክሊት። "ከሰኔ ጀምሮ።"

"ለሐኪሙ ነግረሃል?"

"ሚስቱ ቤተ ክርስቲያን ትመጣለች እኮ!"

ሎይድ አፉን በክንዱ ሸፍኖ ሳቀ። ኦሪን አልሳቀም። "ስድስት ጥይት ቀርቶሃል" አለው። "ዓይንህን ክፈትና ቀስ ብለህ ጨርስ። ከዚያ ለእራት እኛ ቤት ና። ቬርና የቼሪ ፓይ ጋግራለች። ጠመንጃዋን ማሳው ላይ ትሞክራታለህ፤ ከኋላ ስለሆነ ማንም አያይህም።"

"ለሙከራ ብቻ።"

"ለሙከራ ብቻ።"

"ለማርላ እንዳትነግራት።"

"እየሰማሁህ ነው ክሊት" አለች ማርላ በዚያው ሬዲዮ።

ኦሪን ሬዲዮውን አስቀመጠ። ገመዱን ያዘ። ከላይ አስራ አምስተኛዋ ጥይት ጮኸች፤ ወረቀቱ መሃሉ ላይ ተንቀጠቀጠ፤ እሱና ሎይድ ወደ ታች ሳቡት።